ከፒያሳ የሚነሳው የቅዳሜ ሩጫ፦ ዱካው የጸዳ፣ ማሳሳቻው ያጠረ

ደሴ ውስጥ ለሚሮጥ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት። ከተማዋን በአንድ ወገን ጦሳ ተራራ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ይዘዋታል። እዚህ አሥር ሰው አብሮ ሩጫ ቢጀምር ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል፤ ፈጣኖቹ ዳገቱን ጨርሰዋል፣ መካከለኞቹ ዳገቱ ላይ ናቸው፣ የቀሩት ወገባቸውን ይዘው ከታች ቆመዋል። “አብረን እንሩጥ” ብሎ የተሰባሰበ ቡድን ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ማን ቆይቶ ጠበቀው? ስንት ደቂቃ? ጠባቂውስ ላቡ በላዩ ላይ ደርቆ እየተንቀጠቀጠ ነው ወይስ እሱም ገና መድረሱ ነው?

ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ከፒያሳ የሚነሳውን ቡድን የምንመዝነው በዚህ ነው። ለጀማሪ፣ ለከተማው እንግዳ ለሆነ ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ላለ ሰው እንመክረዋለን። ለውድድር የሚዘጋጅ ሯጭ ግን ቅዳሜውን ሌላ ቦታ ቢያሳልፍ ይሻለዋል፤ የዚህ ቡድን ጨዋታ፣ “ሀሽ” የሚባለው የዱካ ፍለጋ ሩጫ፣ ፈጣኑን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ነውና።

ጨዋታው ከሩቅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ኳላ ላምፑር ውስጥ አልበርት ጊስፐርትና ጓደኞቹ የጀመሩት ሲሆን፣ “ሀሽ” የሚለው ስም የመጣው ከሚመገቡበት ቤት ነው፤ ምግቡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በመሆኑ “ሀሽ ሃውስ” እያሉ ያሾፉበት ነበር። የኳላ ላምፑሩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1950 ሲመዘገብ አራት ዓላማ አስመዘገበ፦ የአባላቱን ጤንነት መጠበቅ፣ የሳምንት መጨረሻ የመጠጥ ድካምን ማራገፍ፣ ጥሩ ጥም ቀስቅሶ በቢራ ማርካት፣ አረጋውያን አባላትን የሚሰማቸውን ያህል እንዳላረጁ ማሳመን። ደሴ የደረሱት ከአራቱ አንደኛውና አራተኛው ናቸው። የሁለቱን መካከለኞች ቦታ ቡና ወስዶታል፤ እሱን በኋላ እናያለን።

አካሄዱ ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው “ጥንቸል” ይሆናል፤ ቀድሞ ሄዶ መሬት ላይ ዱካ ይጥላል። የቀሩት ዱካውን እየፈለጉ ይከተላሉ። በመነሻው ባህል ተከታዮቹ “ውሾች” ይባላሉ። እዚህ ሰውን በዚያ ስም ጠርቶ በሰላም ቤት መግባት ስለማይቻል “አሳዳጆች” ተብለዋል፤ ጥሩ አድርገዋል። ከሁሉም ኋላ የሚሮጠው “ደጀን” ነው። ደጀኑ ማንንም አይቀድምም፤ ፉጨት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳና የጥንቸሎቹ ስልክ ይይዛል።

ምልክቶቹ አምስት ናቸው። አንድ እፍኝ ክምር ማለት “በዚህ በኩል” ማለት ነው። ክብ “መፈለጊያ” ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ዱካው ይቋረጣል፣ ከዚያ በየትኛውም አቅጣጫ ሊቀጥል ይችላል፣ ፈጣኖቹ ተበታትነው ይፈልጋሉ። ከክቡ በኋላ ሦስት ተከታታይ ክምር ያገኘ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ላይ ነውና “ዱካ! ዱካ!” ብሎ ይጮኻል። አንድ ወይም ሁለት ክምር ብቻ አግኝቶ የሚጮህ ሰው ሌላውን ያሳስታል። ሁለት ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮች “ማሳሳቻ” ናቸው፤ ተሸውደሃል፣ ወደ ክቡ ተመለስ ማለት ነው። ቀስት በአደገኛ መታጠፊያ ላይ ብቻ ይሰመራል። ሦስት መአዘን “መሰብሰቢያ” ነው፤ ደጀኑ እስኪደርስ ማንም አይንቀሳቀስም።

ስለ ማሳሳቻው ምልክት አንድ ነገር መባል አለበት። ሌላ አገር አንዳንድ ቦታ የሚደረገው ኤክስ ነው። እዚህ ግንብ ላይ ኤክስ የተደረገበት ሰው ቤቴ ሊፈርስ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። በር ላይ የተበተነ ነጭ ዱቄትም መተት ነው ተብሎ ሰፈር ያምሳል። ቡድኑ ኤክስን ትቶ በሁለት መስመር መተካቱ፣ ከመኖሪያ ቤት ደጃፍ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ አጥር ሦስት እርምጃ ርቆ ምልክት መጣሉ ትክክል ነው። አዲስ ጥንቸሎች ይህን ሲረሱ ነው ጠብ የሚመጣው።

ዱካ የሚጣልበት ነገር ራሱ ሥራ አለው። በሌላው ዓለም የስንዴ ዱቄት ይበትናሉ። እህል መሬት ላይ መበተን እዚህ ነውር ብቻ ሳይሆን፣ በጎችና ወፎች ሯጩ ከመድረሱ በፊት ዱካውን ይለቃቅሙታል። ቡድኑ የሚጠቀመው ከአናጺ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ከኖራ ጋር ቀላቅሎ ነው፤ ሦስት እጅ ሰጋቱራ ለአንድ እጅ ኖራ። ሰጋቱራው ብቻውን ከሆነ ከጥቅምት በኋላ በደረቀ ሣርና በገለባ ላይ አይታይም፤ ኖራው ብቻውን ከሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ኖራው ውሃ ጠጥቶ የበረደ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ያልበረደ ኖራ ላብ ያለበትን እጅ ያቃጥላል፣ ዐይን ከገባማ የበረደውም ቢሆን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ነው። ጓንት ወይም አሮጌ ካልሲ እጅ ላይ ማጥለቅ ይበቃል፤ ሲበትኑም ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሰጋቱራ የባጃጅ ጎማ ስለሚጠርገው ጠመኔ ይሻላል፤ እሱም ከመንገዱ መሐል ሳይሆን ከጠርዝ ድንጋይ ወይም ከመብራት ምሰሶ ግርጌ።

መጠኑን ለሚጠይቅ፦ 7 ኪሎ ሜትር ዱካ በየ40 ሜትሩ አንድ ክምር ቢጣልበት 175 ክምር ነው። ማሳሳቻና ክቦች ሲጨመሩ ወደ 210 ይደርሳል። አንድ እፍኝ ወደ 25 ግራም ቢሆን 5 ኪሎ ከሩብ ቅልቅል ይፈልጋል። ለሁለት ሰው ተካፍሎ በትከሻ ቦርሳ ይያዛል። 40 ሜትሩ ለሜዳ ነው፤ ባሕር ዛፍ ውስጥና ጠመዝማዛ የሰፈር መንገድ ላይ ወደ 20 ማጠር አለበት። ብዙ ጊዜ ቡድኑ የሚጠፋው የጦሳ ግርጌ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጥንቸሉ በሜዳ ልክ ሲጥል ነው፤ ሥሩና የወደቀው ቅጠል አንድ ክምር ከሸፈነ ቀጣዩ 80 ሜትር ይርቃል።

መቼ ይጣል የሚለውን ቡድኑ በጥሩ ሁኔታ ፈትቶታል። ከከተማ ውጭ ያለው ግማሽ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከተማ ውስጥ ያለው ግማሽ ቅዳሜ ጠዋት ይጣላል። ከተማው አርብ ቢጣል ጠራጊዎችና እግረኛ ያጠፉታል፤ ገጠሩ ቅዳሜ ይጣል ቢባል ጥንቸሉ በጨለማ ከጅብ ጋር መንገድ መጋራቱ ነው። ክረምት ሲሆን የሌሊት ዝናብ የአርቡን ሥራ ስለሚያጥበው መነሻው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይገፋል፤ ጥንቸሉ ከሌሎቹ 15 ደቂቃ ቀድሞ እየሮጠ ይጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን። የማሳሳቻ ዓላማ ማሾፍ ብቻ አይደለም፤ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ማስታረቂያ ነው። ሒሳቡ ይሄ ነው። ፈጣኑ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ፣ ዘገምተኛው በ9 ደቂቃ ይሄዳል እንበል። ክቦቹ በየኪሎ ሜትሩ ካሉ፣ ክብ ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው 3 ደቂቃ አለ። ፈጣኑ 250 ሜትር ተሳስቶ ሄዶ 250 ሜትር ቢመለስ 500 ሜትር ይሆናል፤ በእሱ ፍጥነት 3 ደቂቃ። ተመልሶ ክቡ ላይ ሲደርስ ዘገምተኛው ደርሷል ማለት ነው። ማንም ማንንም አልጠበቀም፣ ማንም አልበረደውም፣ ማንም “ቶሎ በል” አልተባለም።

ይህ ቡድን የሚጥላቸው ማሳሳቻዎች ከ80 እስከ 100 ሜትር ናቸው። 100 ሜትር ሄዶ መመለስ 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ በየክቡ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሳይታረቅ ይቀራል። አምስት ክብ ላይ ሲደመር ልክ 9 ደቂቃ። መሰብሰቢያው ላይ ፈጣኖቹ ላብ ያረጠበው ልብስ ለብሰው 9 ደቂቃ ይቆማሉ፤ በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ የደሴ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ከብርዱ የተነሳ ደጀኑ ሳይደርስ መነሳት ይጀመራል፣ ያቺ ኋላ የቀረች ሴት ወይም ያ አባት የሚያገኙት የሰው ጀርባ ይሆናል። ሁለተኛ ቅዳሜ አይመጡም። ቡድኑ “አዲስ ሰው አይበረክትልንም” ሲል መፍትሔው ከ150 ሜትር ሰጋቱራ የበለጠ አይደለም።

ማሳሳቻው ያጠረበት ምክንያትም ይገባናል። ጥንቸሎቹ ይደክማሉ፤ እያንዳንዷን የውሸት መንገድ እነሱም ሄደው መመለስ አለባቸው። ለዚህ ደሴ ራሷ መላ አላት። ማሳሳቻውን ወደ ቁልቁለት መጣል ነው። ቁልቁል 150 ሜትር የወረደ ፈጣን ሲመለስ ዳገት ስለሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ የ250 ሜትሩን ያህል ይዘገያል። ጥንቸሉ ከመንገዱ ሁለት አምስተኛውን ያተርፋል። ወደ ገራዶ በሚወስደው በኩል ዱካ በሚጣልበት ሳምንት ይህ ሳያስቡት ሲሆን አይተናል፤ ሁሉም መሰብሰቢያው ላይ አንድ ላይ ነበር የገባው። ሆን ብለው ቢያደርጉት።

በመንገድ ላይ ያለው ሥነ ምግባር ግን የሚመሰገን ነው፤ ያልተጻፈ ቢሆንም ሁሉም ያውቀዋል። የለቅሶ ድንኳን ሲታይ ጩኸት ይቆማል፣ ሩጫው እርምጃ ይሆናል፣ ኮፍያ ይወልቃል፤ ድንኳኑ ካለፈ ከ50 ሜትር በኋላ ነው ሩጫ የሚቀጥለው። አዛን ሲሰማና ቅዳሴ ላይ “ዱካ!” አይባልም፤ እጅ ይነሳል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አቋራጭ የለም። አዛውንት ሲያጋጥም የፊተኛው ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ “እንዴት አደሩ” ይላል፤ ከ20 ሰው ሁሉም ቢል ግን አዛውንቱን ማስቸገር ስለሆነ የመጀመሪያውና ደጀኑ ይበቃሉ። የተዘራ ማሳ አይረገጥም፣ እርከን አይዘለልም፤ የፈረሰ የእርከን ድንጋይ ከታየ ቆሞ መመለስ ግዴታ ነው። ከብት ሲመጣ በዳገቱ በኩል ነው የሚቆመው፤ በገደሉ በኩል የቆመ ሰው በበሬ ትከሻ ተገፍቶ ሊወርድ ይችላል። አስፋልት ላይ በግራ ጠርዝ፣ መኪናን ፊት ለፊት እያዩ፣ ከሁለት ሰው ጎን ለጎን ሳይበልጥ።

ውሻ ሲያባርር መሮጥ ማቆም፣ ዐይኑን አለማየት፣ ዝቅ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል። የሐበሻ ውሻ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ መወርወር አያስፈልግም። የጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው፤ ባጃጅም ሆነ “ዱካ!” የሚለው ጩኸት አይሰማምና። ከሁሉ የከፋው ጥፋት “ዱካ መብላት” ይባላል፦ ትክክለኛውን መንገድ አግኝቶ ሳይጮህ ብቻውን መሄድ።

ጥፋቶቹ የሚቀጡት ቡና ላይ ነው። በመነሻው ባህል ከሩጫ በኋላ ክብ ተሠርቶ ጥፋተኛው ቢራ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ አዲስ ጫማ ያደረገ ደግሞ ከገዛ ጫማው ነው የሚጠጣው። ከገዛ ጫማ መጠጣትን የደሴ ሰው በደህና ጊዜ ትቶታል። አዲስ ጫማ የገዛ “ማሟሻ” ይባልና የሁሉን ዳቦ ይችላል። ሌላው ቅጣት ቀላል ነው፤ ዱካ የበላ በሚቀጥለው ሳምንት ደጀን ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ቅጣት አናውቅም፤ ፈጣን ሯጭ ከኋላ ሰባት ኪሎ ሜትር ሲሄድ የዘገምተኛውን ነገር በእግሩ ይማረዋል።

ከሩጫ በኋላ የሚሠራውን ክብ ከሦስቱ የቡና ዙሮች ጋር ማስማማታቸው የቡድኑ ትልቁ ብልሃት ነው። አቦል ሲቀዳ ጥንቸሎቹ ይተቻሉ፤ የት ምልክት ጠፋ፣ የቱ ክብ ከበደ፣ ማን የት ተሸወደ። ቶና ላይ ቅጣቱ ይበየናል። በረካ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ጥንቸሎች ይመዘገባሉ፣ ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ሰው ይመርቃል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን ይላል። እንደ ወሎ ወግ ያለ ምርቃት የሚነሳ ሰው የለም። ጉድለቱ ርዝመቱ ነው፤ ሦስቱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሥራ ያለው ሰው አቦልን ጠጥቶ ሲሄድ የቀጣዩን መነሻ ቦታ ሳይሰማ ይሄዳል። ማስታወቂያው ወደ አቦል ቢዛወር ምንም አይጎድልም፤ ምርቃቱ በበረካ ይቆይ።

አምስት ጊዜ የሮጠ ሰው ስም ይወጣለታል። አጼ ዮሐንስ “አባ በዝብዝ”፣ ምኒልክ “አባ ዳኘው” እንደተባሉበት የፈረስ ስም ባህል ነው የሚወጣው፤ ሁልጊዜ ማሳሳቻ ውስጥ የሚገባው “አባ ሳተ”፣ ዳገት ላይ ወሬ የማያቆመው “አባ ወጉ”። በሌላ አገር እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ ባለጌ ናቸው። እዚህ በሰው ገላ፣ በሃይማኖትና በብሔር ላይ ስም አይወጣም፤ ሕጉ ይከበራል። ለሴቶቹ “እማ” እያሉ የሚያወጡት ግን ገና አፍ ላይ አይጥምም፤ ሌላ ይፈለግለት።

በረመዳን ሩጫው ወደ ከሰዓት ይዞራል። 4 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ አብዛኛው እርምጃ፣ ከማፍጠሪያው ትንሽ ቀደም ብሎ ያበቃል፤ ቡናው ከአዛን በኋላ ነው። በጾም ወራት ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቆሎ ስለሆነ ማንም ማንንም “ጾመኛ ነህ?” ብሎ አይጠይቅም።

ከቆላ ለሚመጣ እንግዳ፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዳገቱን በእርምጃ መውጣት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ሲያቅት ማቆም። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ለደጀኑ ነግሮ መመለስ እንጂ መታገል የለም። የረጠበ ኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ ሶሉ ያለቀ ጫማ እንደ ሳሙና ነው፤ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ ተረከዝ ላይ አለማረፍ።

በወር አንድ ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። በሚኒባስ ነው፤ “የሐረጎን ቁልቁለት በእግር እንውረደው” የሚሉ ጎረምሶች ሁልጊዜ አይጠፉም፣ ቡድኑ ግን እምቢ ማለቱ ልክ ነው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁል የጭን ጡንቻን ይሰባብራል፤ ሕመሙ የሚበረታው በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ነው። ጭነት መኪናም ያንን ጠመዝማዛ ከሯጭ ጋር አይካፈልም። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትንፋሽ ይቀላል፣ ሙቀቱ ግን ቶሎ ይነሳል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ይያዝ። በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ለረጅም ማሳሳቻ የተመቸ ነው፣ ሰበቡ ሁሉ ያልቃል።

ክፍያው በየሳምንቱ 50 ብር ነው፣ ለቡናው፣ ለዳቦውና ለኖራው፤ የመጀመሪያው ቀን ነጻ። ቦርሳ ቡና ቤቱ ይቀመጣል፣ መጸዳጃም እዚያው አለ፤ ውድ ዕቃ ግን ቤት ይቅር። ደረቅ ካናቴራና ጃኬት ወይም ጋቢ ይያዝ፣ ያለዚያ አቦል ሳይቀዳ ብርዱ ያስነሳል። ጥንቸል መሆን የሚፈልግ ሦስት ጊዜ መሮጥ አለበት፤ በበረካ ይመዘገባል፣ አርብ ከሰዓት ደግሞ ሰጋቱራውን ከአናጺ ቤት ራሱ ይሸከማል።